የመኝታ ቃላት በኮሶዬ፦ የቤት ጨርቃ ጨርቅ ስሞች በየትኛው በር ይገባሉ?

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ ትምህርታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር። ጽሑፉ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ ሲሆን፣ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



የዛሬው ንግግሬ ከአልጋ አይርቅም። ስለ ትራስ፣ ስለ ፍራሽ፣ ስለ ፎጣና ስለ አንሶላ ነው የምናገረው። ርእሱ ለእንዲህ ያለ መድረክ የሚያንስ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የቋንቋን ታሪክ የሚያጠና ሰው ዜና መዋዕልንና የሕግ መጻሕፍትን ብቻ አገላብጦ መመለስ አይገባውም፤ ማታ ማታ የሚነጠፈውንና ጧት ጧት የሚታጠፈውንም መመርመር አለበት። የቤት ዕቃ ስም ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳይመርቀው ይገባል፤ ስለዚህም ቃላት ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በምን ምክንያት እንደሚሻገሩ እውነቱን ይነግረናል።

ጥያቄዬን ከአንድ መንገድ ልጀምር። ከአስመራ ተነሥቶ ሊማሊሞን የሚወጣው፣ በደባርቅ፣ በዳባትና በአምባ ጊዮርጊስ አልፎ፣ ኮሶዬን አቋርጦ ጎንደር የሚገባው የመኪና መንገድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። የጣሊያን ጦር ጎንደርን በ1928 ዓ.ም. ያዘ፤ የመጨረሻው ምሽጉም እዚሁ ጎንደር ላይ በኅዳር 1934 ዓ.ም. ወደቀ። በዚያ መንገድ ላይ ዛሬም የሚነዳ ሾፌር ፍሬን ይይዛል፣ ማርሽ ይቀይራል፣ ጎማ ያስነፋል፣ ካምቢዮ ይነካል። አራቱም ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። መኪናው ስሞቹን ሁሉ ጭኖ መጣ ማለት ይቻላል።

ይሁንና ከዚያ መንገድ ዳር ባለው ቤት ገብተን መኝታውን ብንመለከት ነገሩ ሌላ ነው። ጣሊያኖቹም እንደማንኛውም ሰው ይተኙ ነበር። ፍራሹን ማተራሶ፣ ትራሱን ኩሺኖ፣ ብርድ ልብሱን ኮፔርታ፣ ፎጣውን አሹጋማኖ፣ መጋረጃውን ቴንዳ፣ ምንጣፉን ታፔቶ፣ የጠረጴዛ ልብሱን ቶቫሊያ፣ አንሶላውን ሌንጽዎሎ ይሉ ነበር። ከእነዚህ ስምንት ስሞች አማርኛ የወሰደው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ ስለምን አንድ ብቻ? ያው ጦር፣ ያው መንገድ፣ ያው ዘመን ሆኖ ሳለ መኪናው ብዙ ቃላት ሲያስገባ አልጋው ለምን አንድ ቃል ብቻ አስገባ?

መልሱን ለማግኘት አስቀድሞ በቤቱ ውስጥ ማን ተቀምጦ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

ኮሶዬ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከቆላው በላይ በገደሉ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ደጋ ናት። ስሟ የኮሶን ዛፍ ያስታውሳል፤ ምድሯ የገብስና የበግ ነው። ሌሊቱ ብርድ ነው። እንዲህ ባለ አገር ልብስና መኝታ የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ ቀን በትከሻ ላይ የዋለው ጋቢ ሌሊት መደብ ላይ ይደረባል። ከታች ቁርበት ወይም አጎዛ፣ ከላይ ጋቢ ወይም ቡልኮ፣ ጠጉሩ ከተፈተለ ደግሞ ባና ወይም ዝተት ይሆናል። ጥጡ ከቆላ ገበያ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያም ወደ ሸማኔው ይሄዳል። በጎንደርና በወገራ የሽመናው ሥራ ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤላውያን እጅ ሥራ ነበር። በጎንደር ቤት የነበረ ጋቢ እንግዲህ በፈታይዋና በሸማኔው መካከል፣ ብዙ ጊዜም በሁለት ሃይማኖቶች መካከል የተሠራ ነው።

የዚህ ቤት ነባር ስሞች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ዕቃውን በሥራው ይጠሩታል። ትራስ ከራስ ጋር አንድ ሥር ነው፤ ግዕዙ ትርኣስ ይለዋል፤ ራስ የሚያርፍበት ማለት ነው። ምንጣፍ የሚነጠፍ ነው፤ መጋረጃ የሚጋርድ ነው። ነጠላ ከነጠለ የወጣ ሆኖ ልብሱ ስስ መሆኑን ይነግረናል፤ ጋቢ ግን አራት ድርብ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ልብስ የሚለው ቃል ነው። አማርኛ ሰውን ብቻ አያለብስም፤ ዕቃንም ያለብሳል። አልጋ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ ይላል። ብርድ ልብስ ሲል ደግሞ ጠላቱን በስም ጠርቶ ልብሱን ያነሣበታል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ዕቃ ብላንኬት ሲል ከፈረንሳይኛው ነጭ ከሚለው ቃል ወስዶ በቀለሙ ሰየመው፤ ጣሊያንኛ ኮፔርታ ሲል መሸፈኛ ማለቱ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የሱፍ ፋብሪካ ተተክሎ ምርቱ በየገበያው ሲሸጥ እንኳ ስሙ ብርድ ልብስ እንደሆነ ቀረ። ማሽኑ የውጭ ነው፤ ስሙን ግን ይዞ አልመጣም።

ከእነዚህ ነባሮች አጠገብ ከጣሊያን ዘመን እጅግ ቀድመው የገቡ እንግዶች አሉ። እነርሱ የመጡት በምጽዋና በመተማ በኩል፣ በነጋዴ ጭነት ነው። ጎንደር አፄ ፋሲል ከተቀመጡባት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሁለቱ መንገዶች መገናኛ ነበረች፤ የአዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴዎችም ከቀይ ባሕር ወደብና ከሱዳን ጨርቅ ያመላልሱ ነበር። ከጨርቁ ጋር የዐረብኛ ስሞች መጡ።

ፍራሽ ከእነርሱ አንዱ ነው። በዐረብኛ ፈረሸ ማለት አነጠፈ ነው፤ ፍራሽም የሚነጠፍ ማለት ይሆናል። እዚህ ላይ አውሮፓን ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገልጽልናል። ዐረብኛ ለመኝታ መጥረሕ የሚል ሌላ ቃል ነበረው፤ ሥሩ ጠረሐ፣ ማለትም ጣለ፣ ወረወረ የሚለው ግስ ነው። መሬት ላይ ጣል የሚደረግ መኝታ ማለት ነው። አውሮፓውያን በመካከለኛው ዘመን በሜዲትራንያን በኩል ይህን ቃል ወሰዱ፤ ጣሊያንኛው ማተራሶ፣ ፈረንሳይኛው ማትላ፣ እንግሊዝኛው ማትረስ፣ ጀርመንኛውም ማትራጸ አለው። እንግዲህ ከአንድ የዐረብኛ ቤት ሁለት እኅትማማች ቃላት ወጥተው አንደኛዋ ወደ ሰሜን፣ ሁለተኛዋ ወደ ደቡብ ሄዱ። ጣሊያናዊው ወታደር ማተራሶውን ይዞ ኮሶዬ ሲደርስ ፍራሽ ቦታውን ይዞ ጠበቀው። ከዐረብ የተወሰደ ቃል ከዐረብ በተወሰደ ቃል ተከለከለ ማለት ነው።

ስጋጃም እንዲሁ ነው። ዐረብኛው ሰጃዳ የሚሰገድበት ምንጣፍ ነው። ሥሩ የእኛው ሰገደ ዘመድ ነው። ስግደት በግዕዝ ከቤት ሳይወጣ ኖረ፤ ዘመዱ ስጋጃ ግን በንግድ ዞሮ፣ ድምፁ ጥቂት ተለውጦ ገባ። ዛሬ በመስጊድም በቤተ ክርስቲያንም ይነጠፋል፤ ማንም ባዕድ ነው አይለውም።

ፎጣ ደግሞ በመንገድ ላይ ሥራውን የቀየረ ቃል ነው። በየመን ፉጣ ወንዶች በወገባቸው የሚያሸርጡት ጨርቅ ነው። በእኛ አገር ግን በገጠር በትከሻ ወይም በአንገት ጣል የሚደረግ፣ በከተማ ደግሞ ገላ የሚደረቅበት ሆነ። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የእንግሊዝኛው ታወልና የጣሊያንኛው ቶቫሊያ አንድ ቃል ናቸው፤ ሁለቱም ማጠብ የሚል ትርጉም ካለው ከአንድ የጥንት ጀርመንኛ ሥር ወጡ። እንግሊዛዊው በእርሱ ፊቱን ያደርቃል፤ ጣሊያናዊው በላዩ ምሳውን ይበላል። ጨርቅ አራት ማዕዘን ነገር ነው፤ ሥራውን የሚወስንለት የተነጠፈበት ቤት ነው፤ ስሙም አብሮት ይዞራል።

አሁን ወደ አንሶላ ልመለስ። የቃሉ ጥንት ሊኑም የሚባለው የላቲን ስም ነው፤ ተልባ ማለት ነው። ከተልባ ግንድ በሚወጣው ጭረት የተሠራውን ጨርቅ ሮማውያን ሊንቴውም አሉት፤ ትንሹን ሊንቴዎሉም አሉት። ከዚህ ከአንድ ቤት የወጡት ቃላት በአውሮፓ ያገኙት ዕጣ የተለያየ ነው። በጣሊያንኛ ሌንጽዎሎ ሆኖ የአልጋ አንሶላ ሆነ። በፈረንሳይኛ ላንሶል ሆኖ ቀድሞ እርሱም የአልጋ ነበረ፤ ዛሬ ግን የሬሳ መገነዣ ነው። ከሊንቴውም የወጣው የስፓኝኛው ሊየንሶ ደግሞ ሠዓሊ የሚስልበት ሸራ ነው። አንዱ ለሕያው፣ አንዱ ለሙት፣ አንዱ ለሥዕል ማለት ነው። የእኛ ነገር ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ የኮሶዬና የወገራ ገበሬ ተልባን ያውቃታል፣ ይዘራታልም፤ የሚፈልገው ግን ፍሬዋን እንጂ ጭረቷን አይደለም። አንሶላ የሚለው ስም በውስጡ ተልባን ሸሽጎ ተልባ አብቃይ አገር ገባ፤ ዘመድነታቸውን ያወቀ አልነበረም።

ቃሉ እንዴት እንደተቀረጸ እንመልከት። በጣሊያንኛ የዚህ ስም ብዙ ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው። ተራ ብዙ ሌንጽዎሊ ሲሆን፣ የአንድ አልጋ ጥንድ፣ ማለትም የላይና የታች ሲሆን ሌንጽዎላ ይባላል። አማርኛ የወሰደው በአ የሚያልቀውን፣ ጥንዱን ነው። ይህም ቃሉ የተሰማው ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከአልጋ ማንጠፍ ሥራ መሆኑን ያመለክተኛል፤ አልጋ የሚያነጥፍ ሰው የሚያዝዘውም የሚታዘዘውም ጥንዱን ነውና። ከገባ በኋላ ግን ጥንድነቱ ተረሳ፤ ዛሬ አንድ አንሶላ፣ ሁለት አንሶላ፣ አንሶላዎች እንላለን።

የመጀመሪያዋ ለ የት ሄደች? እኔ እንደማምነው ሰሚው የጣሊያንኛ መስተኣምር አድርጎ ቆረጣት። ጣሊያንኛ በአናባቢ ከሚጀምር ስም ፊት ለን ያስቀድማልና፣ ይህን ልማድ በጆሮው የለመደ ሰው ሌንጽዎላን ሲሰማ ለ የስሙ አካል መሆኗን አልጠረጠረም። ይህ አላዋቂነት አይደለም፤ የጆሮ ሰዋስው ነው። በአውሮፓም በዚሁ በቤት ጨርቅ ስም ላይ ተፈጽሟል። ሮማውያን የእጅና የገበታ መጥረጊያውን ማፓ ይሉት ነበር፤ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው የንግግር ጥበብ መምህር ኲንቲሊያን ይህን ቃል የካርታጎ ሰዎች የእኛ ነው እንደሚሉት ጽፏል። ከማፓ የፈረንሳይኛው ናፕ፣ ከናፕም ናፕሮን ወጣ። እንግሊዞች ወስደው ኤ ናፕሮን ሲሉ ቆዩ፤ ውሎ አድሮ ነ ወደ መስተኣምሩ ዞራ አን ኤፕሮን ሆነ፤ የዛሬው ኤፕረን፣ ሽርጥ ማለት ነው። ስፓኝኛ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ፤ ዐረቦች ጥጥን አልቁጥን ሲሉት ሰምቶ መስተኣምሩን ከነስሙ ዋጠና አልጎዶን አለው። አንዱ ከስሙ ቆርጦ ጣለ፣ ሌላው በስሙ ላይ ሰፋበት። አማርኛም እንግሊዝኛም ስፓኝኛም በአንድ ሕግ ሠርተዋል፤ የባዕድ ቃል ስፌቱ የት እንደሆነ የሚወስነው ተቀባዩ ጆሮ ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። ስለምን አንሶላ ብቻ? ማተራሶ ፍራሽን፣ ኩሺኖ ትራስን፣ ኮፔርታ ብርድ ልብስን፣ አሹጋማኖ ፎጣን፣ ቴንዳ መጋረጃን፣ ታፔቶ ምንጣፍንና ስጋጃን፣ ቶቫሊያ የጠረጴዛ ልብስን በየቦታቸው ተቀምጠው አገኙ። በቁርበትና በጋቢ መካከል ግን ሌላ ነገር አልነበረም። በሰውነትና በፍራሽ መካከል የሚገባ፣ እየወጣ የሚታጠብ፣ ከላይም ከታችም የሚሆን ስስ ጨርቅ አዲስ ሥራ ነበር። አማርኛ የፍራሽ ልብስ ብሎ ሊሰይመው ይችል አልነበረምን? ይችል ነበር። ነገር ግን ልብስ የሚለበሰውን አካል ይጠይቃል፤ የላይኛው አንሶላ ፍራሹን አያለብስም፣ ብቻውንም ብርድን አይመክትም። ወንበሩ ባዶ ነበረ፤ እንግዳውም ተቀመጠ። በመኪናው ዘንድ ግን ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነበር፤ ስለዚህ ሁሉም ገቡ።

ከዚህ የምደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው፤ ቃል በጉልበት አይገባም፣ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ይገባል። ከተማ የያዘ፣ መንገድ የቆረጠ ጦር ትራስን ከስሙ ሊያፈናቅል አልቻለም። የገባውም ቃል ቢሆን ወራሪውን ሲያገለግል አልኖረም፤ የእኛ አገልጋይ ሆነ። ሰዎች አንሶላ ተጋፈፉ የሚለውን ፈሊጥ ጣሊያንኛ አያውቀውም፤ አማርኛ በራሱ ጨዋነት ነውርን ለመሸፈን የሠራው ነው። ቃል ፈሊጥ ከወለደ በኋላ እንግዳ ሊባል አይችልም።

ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ቦታ ተይዞ ሳለ የገባ ቃል የለም ወይ? አለ፤ ሱፍ ነው። ዐረብኛው ሱፍ የበግ ጠጉር ማለት ነው፤ እኛም የበግ ጠጉር የሚል ስም ነበረን። ኮሶዬ አካባቢ ጠጉር ስትፈትል ያገኘኋትን አንዲት እናት፣ «እማማ፣ ይህ ሱፍ ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ምን ሱፍ አለ ልጄ፣ የበግ ጠጉር ነው እንጂ! ሱፍማ ሹም የሚለብሰው ነው» አሉኝ። መልሳቸው ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። ሱፍ ጠጉርን አላፈናቀለም፤ ወንበሩ ለሁለት ተከፈለ። ከበጉ ጀርባ ያለው፣ በቤት የሚፈተለው ጠጉር ቀረ፤ ከባሕር ማዶ ተሠርቶ የመጣው፣ ኮትና ሱሪ የሚሆነው ሱፍ ሆነ። በዘመናችንም በከተማ የአልጋ ዕቃ ሱቆች ኮምፈርት የሚሉት ወፍራም ድርብርብ መደረቢያ ይሸጣል፤ ብርድ ልብስን አጥፍቶ ሳይሆን አጠገቡ ተደርድሮ ነው።

ነገሩ የሚያሳስበኝ ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ተማሪዎች የባዕድ ቃል አማርኛን ያጠፋዋል ብለው ይሰጋሉ፤ የጥናት ርእስ ሲመርጡም የተዋሱ ቃላትን ቈጥሮ ለእያንዳንዱ ምትክ መፈለግን ይመርጣሉ። ስጋታቸውን አከብራለሁ፤ አቅጣጫው ግን የሳተ ይመስለኛል። አንሶላ ማንንም ቃል አልገደለም። ቃል የሚሞተው እንግዳ ሲገባ ሳይሆን የወንበሩ ባለቤት ሥራ ሲያጣ ነው። ዝተት የሚለው ቃል ቢጠፋ የሚያጠፋው ሌላ ቃል አይደለም፤ ጠጉሩን የሚፈትል እጅ ማጣት ነው። ፋብሪካ የሠራው ብርድ ልብስ ከጎንደር በመኪና ወጥቶ በርካሽ ሲሸጥ እንዝርቱ ይሰቀላል፤ እንዝርቱ ሲሰቀል መዳመጥ፣ መንደፍ፣ ድርና ማግ ከሥራ ወደ ተረት ይዛወራሉ። ድርና ማግ ሆኑ የሚለውን ንግግር የሚናገር ወጣት ከሁለቱ የትኛው በቁመት፣ የትኛው በአግድም እንደሚሄድ ሳያውቅ ይናገረዋል። በወገራ መንደሮች በሽመና ይታወቁ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ቤተሰቦች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ የሙያቸው ቃላትም አብረዋቸው ተሰደዋል።

ርካሽ ብርድ ልብስ በመግባቱ አላዝንም፤ የኮሶዬን ሌሊት የሚያውቅ ሰው ለልጆች የሚደረብ ነገር መብዛቱን አይጠላም። የምለው ሙቀቱ ሲገኝ ዕውቀቱ እንዳይጣል ነው። ስለዚህ ለእናንተ ለተማሪዎቼ የማቀርበው ሥራ አንሶላን ማሳደድ አይደለም። መቅረጸ ድምፅና ደብተር ይዛችሁ ወደ ወገራ ውጡ፤ ጠጉር ከተሸለተበት ጀምሮ ባናው እስኪታጠፍ ድረስ ያለውን እያንዳንዱን ተግባር፣ እያንዳንዱን መሣሪያ፣ እያንዳንዱን ጉድለት ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቁ። ያልተስተካከለ ፈትል ምን ይባላል? የላላ ሽመናስ? ጎንደር ላይ የሚባለው ኮሶዬ ላይም ይባላልን? ጠይቃችሁ የምታመጡት ከማንኛውም የምትክ ቃላት ዝርዝር ይልቅ ለአማርኛ ይጠቅመዋል። እንግዳውን ከማስወጣት ባለቤቱ ከወንበሩ ሳይነሣ ስሙን መጻፍ ይበልጣልና።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።